ማሽንንና ሰውን የሚያጋባ ሽማግሌ

(አዳማ ላይ ለወርክሾፕ ባለቤቶች፣ ለቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞችና ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ከተደረገ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ። ከምሳ በኋላ በአዳማ ሙቀት ንግግር መስማት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ስለማውቅ ሰዓቴን ለማክበር እሞክራለሁ። ከፊት የተቀመጣችሁት ከብየዳና ከቶርኖ ጋር የኖራችሁ መሆናችሁ ከእጃችሁ ያስታውቃል። ከኋላ ያላችሁት ደግሞ ደብተር የያዛችሁ መምህራንና አሠልጣኞች ናችሁ። ማንም ሳያዝዛችሁ ለሁለት ተከፍላችሁ ተቀምጣችኋል። የዛሬው ጉዳዬም በመካከላችሁ ባዶ ስለቀረው ስለዚያ የወንበር ረድፍ ነው።

ሻጭንና ገዢን የሚያገናኝ ሰው በእኛ አገር ደላላ ይባላል። ሁለት ቤተሰብ የሚያገናኘው ደግሞ ሽማግሌ ነው። ላይ ላዩን ሲታዩ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በማይተዋወቁ ወገኖች መካከል ይመላለሳሉ፣ የአንዱን ቃል ለሌላው ያደርሳሉ፣ ያለዝባሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ከውሉ በኋላ ነው። ደላላው የድርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ የገዛኸው ቤት ጣሪያው ቢያፈስ ስልክህን አያነሣም። ሽማግሌው ግን ከሠርጉ በኋላም አለበት። ባልና ሚስት ሲጋጩ በሌሊት የሚቀሰቀሰው እሱ ነው። ኮሚሽን አልበላም፤ ስሙን ግን አስይዟል።

በእውቀትና በሥራ መካከልም እንዲሁ የሚመላለሱ ተቋማት አሉ። የግብርና ምርምር ማዕከሉ፣ የኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩቱ፣ የኮሌጁ የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ክፍል፣ ብረት የሚመረምረው ላቦራቶሪ፣ ጀማሪ ኩባንያዎችን የሚያሳድገው ማዕከል ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ምሁራኑ የፈጠራ አገናኞች ይሏቸዋል። ፋብሪካ አይደሉም፣ ገበያም አይደሉም፤ ሥራቸው መካከል ላይ ነው። እኔም የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት እዚያው መካከል ላይ ስለሆነ ዛሬ የምናገረው ስለ ራሴ ቤት ነው፤ እንደ ሐሜት አትቁጠሩብኝ።

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የውጭ ታሪክ ስለሚበዛበት እንዳንደናገር ነው።

ከከተማችን በላይ ያሉትን የነፋስ ማማዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። የመጀመሪያዎቹ 34 በ2012 ሥራ ጀመሩ፣ 51 ሜጋ ዋት። የሁለተኛው ዙር 102 ደግሞ በ2015 ተጨመሩ፣ 153 ሜጋ ዋት። እንግዳ ሲመጣ ወስደን እናሳያለን፣ ፎቶ እንነሣለን። ግን የቴክኖሎጂ አቅም ማለት ማማው መቆሙ ነው? ሳንጃያ ላል የሚባለው የልማት ኢኮኖሚስት ነገሩን በሦስት ከፍሎ ያየው ነበር። አንደኛው የሚያስፈልግህን ለይተህ፣ መርጠህ፣ ተደራድረህ መትከል መቻል ነው። ሁለተኛው የተከልኸውን ማሠራት፣ ሲበላሽ መጠገን፣ ቆይቶም ማሻሻል ነው። ሦስተኛው ከአቅራቢ፣ ከደንበኛና ከተመራማሪ ጋር መተሳሰር ነው። ማሽን ከነዚህ አንዱንም ይዞ አይመጣም፤ በኮንቴይነር የሚመጣው ብረቱ ብቻ ነው። የእነዚህ ማማዎች ግንባታ የቻይና ኩባንያዎች ሥራ ነው። ሆኖም የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን የባለቤቱ አማካሪ ሆነው ገብተውበታል፤ ንድፉን አይተዋል፣ ጠይቀዋል፣ ተከራክረዋል። ሥራው ከባዕድ አማካሪ ጋር ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጥያቄና መልስ አብሮ በአውሮፕላን ይሄድ ነበር። በእኔ ሚዛን እነዚያ የክርክር ስብሰባዎች ከማማዎቹ አይተናነሱም።

ሽማግሌ ሥራውን በወጉ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ታይዋን ልውሰዳችሁ።

በ1974 የካቲት ወር፣ ታይፔ ውስጥ በአንዲት የአኩሪ አተር ወተት መሸጫ ቤት ሰባት ሰዎች ቁርስ ላይ ተቀመጡ። ከመካከላቸው የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ ሱን ዩን-ሱዋን ይገኙበታል፤ አሜሪካ ውስጥ በአርሲኤ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ የሚሠራው ትውልደ ቻይና መሐንዲስ ፓን ዌን-ዩዋንም ነበር። የተነጋገሩት አገራቸው ወደ ምን ዓይነት ኢንዱስትሪ ትሂድ በሚለው ላይ ነው፤ ከቁርሱ ሲነሡ የሴሚኮንዳክተር፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ፣ ነገር ተቆርጧል። እኔን የሚገርመኝ ውሳኔው አይደለም። ውሳኔ በየአገሩ ሞልቷል፤ እኛ ዘንድም ቁርስ ላይ የተወሰነ ብዙ ነገር አለ። የሚገርመኝ ሥራውን ለማን እንደሰጡት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1973፣ ኢትሪ የሚባል የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋም አቋቁመው ነበርና ለእሱ ሰጡት።

ኢትሪ በ1976 ከአርሲኤ ጋር ውል ተፈራረመ። የገዛው ማሽን ብቻ አልነበረም፤ መማርንም ገዛ። ወጣት መሐንዲሶቹን ወደ አሜሪካ ላከ። እነዚያ ልጆች የሄዱት ለጉብኝት አይደለም፤ ከምርት መስመሩ ላይ ቆመው፣ ከንድፍ እስከ ሙከራ እያንዳንዱ ደረጃ ለእያንዳንዳቸው ተከፋፍሎ ነው የተማሩት። ሲመለሱ በ1977 ማሳያ ፋብሪካ አቆሙ። የሠሩትም ቀላል ነገር ነው፤ ለኤሌክትሮኒክ የእጅ ሰዓት የሚሆን ቺፕ። ብዙም ሳይቆይ ያ ማሳያ ፋብሪካ ከሚያመርተው ውስጥ እንከን የሌለው ምርት ድርሻ ከአስተማሪው ከአርሲኤ በለጠ።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ኢትሪ ዛሬ በየዓመቱ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ፣ ሎቢው ውስጥ በመስታወት ሣጥን ቺፕ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት ሆኖ ይቀር ነበር። ያደረጉት ግን አሳድጎ መዳር ነው። በ1980 ዩኤምሲ የሚባል ኩባንያ ከተቋሙ ወጣ፤ ቴክኖሎጂውን ከነሰዎቹ ይዞ። በ1987 ደግሞ ቲኤስኤምሲ ወጣ፤ ያን ጊዜ ኢትሪን ይመሩ በነበሩት በሞሪስ ቻንግ መሪነት፣ ከሆላንዱ ፊሊፕስ 27.5 በመቶ ድርሻ ጋር። ዛሬ በኪሳችሁ ካሉት ስልኮች ውስጥ የስንቱ ቺፕ ከዚያ ቤት እንደወጣ አስቡት። የእኛ ተቋማት ጎበዝ ባለሙያቸው ለግል ድርጅት ሲሄድባቸው እንደ ሐዘን ቤት ይሆናሉ፤ «ሰው አይበረክትልንም» ይላሉ። ኢትሪ ግን የሰው መውጣት ራሱ ሥራው ነበር። ልጅ ከቤት ካልወጣ ሠርግ የለም።

ይህ የሰው መውጣት ነገር ሳይታሰብም ይሠራል። በ1979 ዴሽ የሚባል የባንግላዴሽ ልብስ ስፌት ኩባንያ 130 ሠራተኞቹን ለስድስት ወር ወደ ደቡብ ኮሪያው ዴዉ ላከ። ተመልሰው ሥራ ከጀመሩ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ ዴሽን ለቀው ወጡ፤ የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ ወይም የሌሎችን መሩ። ዴሽ ሳይከፋው አልቀረም። ባንግላዴሽ ግን ከዓለም ታላላቅ ልብስ ላኪዎች አንዷ ሆነች። ይህን ሳስብ ሐዋሳ ትመጣብኛለች። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴት ልጆች ስፌት፣ የመስመር ቁጥጥርና የጥራት ምርመራ ተማሩበት። በ2022 መጀመሪያ አገሪቱ ከአጎአ፣ ከአሜሪካው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ ስትወጣ ፈተናው መጣ። በዚያን ጊዜ ከፓርኩ የወጣችው የመስመር ተቆጣጣሪ ከእህቶቿ ጋር አሥር ማሽን ተክላ እንድትጀምር ዋስ የሆናት፣ ገበያ ያሳያት ሽማግሌ ማን ነበር? መልሱን ለእናንተ እተዋለሁ፤ ሐዋሳ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ።

የቺሊው ነገር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ፈንዳሲዮን ቺሌ በ1976 የተቋቋመው በቺሊ መንግሥትና በአሜሪካው አይቲቲ ኩባንያ የጋራ ገንዘብ ነው። ሳልመን የሚባለው ዓሣ በቺሊ ውኃ ውስጥ በተፈጥሮው የሌለ ነው። ተቋሙ ግን ባሕሩ ቀዝቃዛ፣ ወሽመጡ ጥልቅ መሆኑን አይቶ ራሱ ኩባንያ ከፍቶ ማርባት ጀመረ። ጥናት ጽፎ «ባለሀብቶች ቢገቡበት አዋጭ ነው» ብሎ አላከፋፈለም፤ አክስሮ ወይም አትርፎ አሳየ። ሲያዋጣ በ1988 ኩባንያውን ለጃፓኑ ኒፖን ሱይሳን ሸጠው። ዛሬ ቺሊ በሳልመን እርባታ ከኖርዌይ ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ ናት። ደግሞ ሙገሳ ብቻ እንዳይሆን፣ በ2007 የዓሣ ቫይረስ ገብቶ ዘርፉን ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም ነበር። ማምረትን አስፋፍቶ ጤናን መቆጣጠርን ያዘገየ ቤት የሚያገኘው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ከራሴ ጥፋትም ልጀምር።

ወጣት አሠልጣኝ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ኮሌጅ፣ ቴክኖሎጂ እንድንቀዳ ታዝዘን ነበር። የእሴት ሰንሰለት፣ ማለትም ዕቃው ከጥሬው እስከ ገበያ የሚያልፍበትን መንገድ፣ ትሠራለህ፣ ክፍተቱን ታያለህ፣ ከውጭ የመጣ ማሽን ትመርጣለህ፣ ፈትተህ ትለካዋለህ፣ ንድፉን ትሥላለህ፣ ትሠራዋለህ፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ታሸጋግራለህ። በወረቀት ላይ የሚያምር ነገር ነው፤ አሁንም ሐሳቡን አልጠላውም። እኛ የመረጥነው የእንስሳት መኖ መቆራረጫ ነበር። ሦስት ወር ሠራን። ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቺንጋው አዲስ፣ ላሜራው በደንብ የታጠፈ። በኤግዚቢሽኑ ላይ ባለሥልጣን ሪባን ቆርጦ በእጁ ጭድ አጎረሰው፤ ማሽኑም ቆራረጠ። ተጨበጨበ። የምስክር ወረቀቴ እስከ ዛሬ ቤት አለ።

አንድ ማኅበር ወሰደው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ምላጩ ዶለዶመ። ሳሉት፤ እንደገና ዶለዶመ። ከዚያ ኩሽኔታው ቤቱን አላልቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኛ በዚያን ጊዜ በሪፖርታችን ላይ «ተሸጋግሯል» ብለን ዘግተነዋል። ማሽኑ ተመልሶ የመጣው በጋሪ ተጭኖ ነው።

ከኮሌጁ አጥር አጠገብ ቶርኖ ቤት የነበራቸው አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ሙያውን የተማሩት በወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ ከሆላንዳውያኑ ዘመን ነው። አፍሬ ሄድኩና አሳየኋቸው። ምላጩን በፋይል፣ በሞረድ ማለቴ ነው፣ ገዘገዙት፣ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ፣ ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ማሽኑን ቀዳችሁት። ብረቱንስ?»

ቅርጹን ነበር የቀዳነው። የመጀመሪያው ምላጭ ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ፣ በስንት ሙቀት እንደተጠነከረ አልጠየቅንም፤ ብንጠይቅም የምንለካበት መሣሪያ አልነበረንም። በገበያ ላይ ያገኘነውን ብረት ቆርጠን ቀለም ቀባነው። ጋሼ በፋይል ድምፅ የለዩትን እኛ በካሊፐር አላገኘነውም። ስለዚህ የማሽን ንድፍ ይዞ ወደ ወርክሾፕ የሚሄድ አገናኝ ሁሉ እዚያ የሚያገኘውን እውቀት ሳይጠይቅ ቢሰጥ ግማሹን ነው የሚሰጠው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ፈጠራ ማዕከል፣ ስለ ውድድርና ስለ ሽልማት ሲያወራ እኔ ስለ ብረት መመርመሪያ አወራለሁ፤ ድሮውንም ደረቅ ነህ እባላለሁ። በጃፓን በየክፍለ ግዛቱ የሕዝብ የሙከራ ጣቢያዎች አሉ። ሦስት ሠራተኛ ያለው ወርክሾፕ ባለቤት የሠራውን ዕቃ ይዞ ሄዶ ጥንካሬውን ያስለካል፣ የተሰበረበትን ምክንያት ያስመረምራል፣ ባለሙያውን ያማክራል። ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ አይደለም። እዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከቴክኒክ ኮሌጅነት ተነሥቶ ዛሬ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሆነ። ከኋላ የተቀመጣችሁ መምህራን፣ ከላቦራቶሪያችሁ አንዱን በሳምንት አንድ ከሰዓት ከፊት ለተቀመጡት ብትከፍቱላቸው፣ ከአንድ ዓመት የሥልጠና በጀት የበለጠ ሥራ እንደሚሠራ በግሌ አምናለሁ። ከፊት ያላችሁት ደግሞ የተሰበረ ዕቃችሁን ደብቃችሁ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ከመሸጥ ይዛችሁ ሂዱ። የተሰበረ ዕቃ ከሁሉ የተሻለ መምህር ነው፤ የሚያፍርበት ሰው ስለበዛ ነው ሳያስተምር የሚቀረው።

ሁሉም ነገራችን እንደ መኖ መቆራረጫው ነው ማለቴ አይደለም። ካይዘን የሚባለውን፣ ሥራን ሳያቋርጡ በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ ተመልከቱ። ከጃፓን ጋር በተደረገ ስምምነት ከ2009 እስከ 2011 በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ያ ሙከራ ጥሩ የነበረው አዲስ ማሽን ስላልጠየቀ ነው። አማካሪው ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ ከሠራተኛው ጋር ቆሞ ዕቃ የሚፈለግበትን ጊዜ ይቆጥራል። አምስቱን «ማ»ዎች ሁላችሁም ግድግዳችሁ ላይ ለጥፋችኋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። አራቱን አማካሪ ሊያስጀምርህ ይችላል። አምስተኛዋ አማካሪው ከሄደ በኋላ ነው የምትጀምረው፤ ስለዚህም አማካሪው በስድስተኛው ወር ተመልሶ በሩን የማያንኳኳ ከሆነ ወረቀቷ ብቻ ግድግዳው ላይ ትዘልቃለች። የቆዳ ኢንስቲትዩታችንም ከቼናዩ የሕንድ የቆዳ ምርምር ተቋም ጋር የነበረውን መንትያነት፣ ማለትም የተቋም ለተቋም ትብብር፣ በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል፤ ዋናው ነገር መንትያው ከሄደ በኋላ ቤቱ የቀረለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለሽማግሌነት የሚቀርብልኝ ግን በጓሯችን ነው። በአሰላ መንገድ ከ20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ከ1969 ጀምሮ የሚሠራ። የቦሎቄውን ነገር ታውቃላችሁ። አውሮፓ ያለው የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ ትንሽ፣ ነጭ፣ ያልተሰነጠቀ ፍሬ ይፈልጋል። የስምጥ ሸለቆ ገበሬ ዝናብ ሲያጥር የማይከዳው ዘር ይፈልጋል። ላኪው ወጥ የሆነ ምርት ይፈልጋል። ሦስቱም በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው አያውቁም። አዋሽ-1ና አዋሽ መልካ የሚባሉት ዝርያዎች የሦስቱም ጥያቄ የተገናኘባቸው ናቸው። ማዕከሉ የእርሻ መሣሪያም ይሠራል፤ ማረሻ፣ መፈልፈያ፣ መውቂያ። እዚያ ስትሄድ ተመራማሪው ጫማው ላይ አፈር አለ፤ ይህን እኔ እንደ መመዘኛ እቆጥረዋለሁ።

በዚያው መንገድ ወደ አሰላ ብትቀጥሉ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይጠብቃችኋል። ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1967 በስዊድን ድጋፍ ሲጀመር ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር። የተሻለ ስንዴ መጣ፣ ማዳበሪያ መጣ፣ ምርቱ አደገ። ምርቱ ሲያድግ ባለርስቱ መሬቱ እንደሚያዋጣ አየና ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስነሣ። ቴክኖሎጂው ሠርቷል፤ ለማን እንደሠራ ግን መሬቱን የያዘው ወሰነ። ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የሆነ ነገር ነው፤ ሆኖም አዲስ ማሽን ይዤ ወደ ቀበሌ በሄድኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለማን ነው የማገናኘው? የትኛው ወገን ነው ስልኬ ያለው?

ስልክ ካልኩ አይቀር፣ ሥራችን የሚለካበትን ነገር ላንሣ። በሪፖርቶቻችን ውስጥ የሠለጠነ ሰው ቁጥር አለ፣ የተሸጋገረ ቴክኖሎጂ ቁጥር አለ፣ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ቁጥር አለ። እኔ የምቆጥረው ሁለተኛውን ስልክ ነው። የመጀመሪያው ስልክ ምንም አይነግርህም፤ ሰው ነፃ ነገር ሲያገኝ ይደውላል። ሁለተኛ ከደወለና ጥያቄው ከመጀመሪያው የተለየ ከሆነ ግን መካከሉ ላይ ሠርቷል ማለት ነው። «ማሽኑ ቆመ» ያለህ ሰው በሚቀጥለው «የመውቂያው ከበሮ ሲፈጥን የቦሎቄው ፍሬ ለምን ይሰነጠቃል?» ካለህ አንድ ነገር ተወልዷል።

ይህን የቦሎቄ ጥያቄ የጠየቀችኝ አንዲት የወርክሾፕ ባለቤት ናት፤ ከዚህ ሩቅ አይደለችም፣ ስሟን ግን ፈቃዷን ስላልጠየቅሁ አልጠራም። መውቂያ ማሽን ንድፍ ሰጥተናት ነበር። በመጀመሪያ ስትደውል በያጇ የፍሬሙን ማዕዘን አጣምሞባት ነው። በሁለተኛው ስለ ከበሮው ፍጥነት ጠየቀችኝ፤ የተሰነጠቀ ፍሬ ላኪው ስለማይወስድ ገበሬዎቹ ተጣልተዋት ነበር። ሄድኩ፤ ፑሊውን ቀየርን፤ ፍጥነቱ ወረደ። በሦስተኛው የጠየቀችኝ ኩሽኔታ በጅምላ የሚያስመጣ ሰው አድራሻ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አልደወለችም። እኔም እንደ ሽማግሌ ወግ ባልጠራም አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ገባሁ።

ማሽኑ የእኛ አይደለም። ማጉረሻው ሰፍቷል፣ ከሥሩ ያለው የላሜራ ወንፊት ቀዳዳው በሁለት ሚሊ ጨምሯል፣ ጎማ ተገጥሞለት በአህያ እንዲጎተት ሆኗል። «ወንፊቱን ለምን አሰፋሽው?» አልኳት። «ጋሼ፣ እናንተ የሣላችሁት ለነጩ ነው፤» አለችኝ፣ «የእኔ ደንበኞች ግን ቀዩንም ይዘራሉ፤ እሱ ደግሞ ትልቅ ነው። እዚያው ሲመላለስ ነበር የሚሰነጠቀው።» ከዚያ ስለ እርጥበቱ፣ በጠዋትና በከሰዓት ሲወቃ ስላለው ልዩነት አስረዳችኝ። ቡና ተፈላ። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፤ በማግሥቱም ንድፉን ይዤ ወደ ቢሮዬ ሄጄ ወንፊቱን አስተካከልኩ።